ሳይከፈት የታጨደ ትምህርት

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እስኪወጣ ቤት በተቀመጥኩባቸው ወራት የሠራሁት ሥራ ቢኖር የኦንላይን ኮርስ ማዘጋጀት ነው። አሁን አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ ዶርም ውስጥ ከላይኛው አልጋ ላይ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ፣ ስለዚያ ኮርስ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። እኔ ግን እያንዳንዱን ትምህርት ከነተራው አስታውሰዋለሁ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም፣ የትኛው ላይ ድምፄ እንደተሰበረ፣ የትኛው ላይ ከኋላዬ ዶሮ እንደጮኸ።

ሐሳቡ የመጣው ከባዮሎጂ መምህራችን ነው። መሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር እንደ እሳቸው የሚወደድ መምህር አልነበረም። ትምህርት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ የራሳቸውን መጽሐፍ አውጥተው ሰጥተውኝ፣ ስጨርሰው መጥቼ እንዳስረዳቸው ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ማለፌን ሳውቅ ከአባቴ ቀጥሎ የደወልኩት ለእሳቸው ነበር።

ብዙም ሳይቆዩ አስጠሩኝ። በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከቤተ ሙከራው ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እየሞቅን ነገሩን አስረዱኝ። ከመንዝ ወጥተው አዲስ አበባ የሚኖሩ ሰዎች ተሰባስበው፣ ማለፊያ ነጥቡን ለጥቂት አጥተው በግል ዳግም የሚፈተኑ አራት ልጆችን ሊረዱ አስበዋል። ደብረ ብርሃን ቤት ይከራዩላቸዋል፣ የክለሳ ትምህርት ያስገቧቸዋል፣ እስከ ፈተናው ድረስ ያኖሯቸዋል። ልጆቹ ግን በዝምድናና በትውውቅ እንዲመረጡ አልፈለጉም። መምህሩም በቴሌግራም የሚሰጥ ኮርስ ይከፈት፣ መማር የፈለገ ሁሉ ገብቶ ይማር፣ በመጨረሻው ፈተና የበለጡት አራቱ ይሂዱ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ተስማሙ።

«ማስተማሩን እኔም እችለዋለሁ» አሉኝ መምህሩ። «የገጠሩ ልጅ ስልኩን ይዞ የት ጉብታ ላይ እንደሚቆም የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ። አንቺ አቅጂው፤ እኔ አየዋለሁ።»

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። እሳቸው ያመኑኝን ያህል እኔ ራሴን አምኜ አላውቅም ነበር።

ደስታዬ ለራሴ ብቻ አልነበረም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ አብራኝ የተቀመጠች፣ መሐል ሜዳ አንድ ክፍል ቤት ተጋርተን የተከራየን ጓደኛ ነበረችኝ። በየሳምንቱ ስንቃችንን ከየቤታችን ተሸክመን እንመጣና እንቀላቅለዋለን፤ የእሷ በሶ ሁልጊዜ ከእኔ ይጣፍጥ ነበር። ቤቷ ቀየት ከምትባለው የገበያ ከተማ ወዲያ ነው። በትምህርት ከእኔ አታንስም፤ በሒሳብ እንዲያውም ትበልጠኛለች። ፈተናው ላይ ግን ማለፊያዋን በጣት በሚቆጠር ነጥብ አጣች። በዚያው ዓመት ታናሽ እህቷ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነበር፤ ቤታቸው ደግሞ ከአንድ ልጅ በላይ ከተማ አስቀምጦ ማስተማር አይችልም። አባቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አስበው የቆረጡትም ይህንን ነው። ከአራቱ ቦታ አንዱን ካገኘች ሁለቱም ይማራሉ። ካላገኘች ተራው የታናሿ ነው፤ እሷ ወደ እርሻው ትመለሳለች።

ስለዚህ ኮርሱን ሳቅድ ከፊቴ የምትቀመጠው ተማሪ እሷ ነበረች።

መጀመሪያ ከምዕራፍ አንድ ተነሣሁ። መጽሐፉን ከፍቼ ከላይ ወደ ታች በሥርዓት መገልበጥ ጀመርኩ፤ እንዲያ ሳደርግ ብዙ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። በገበያ ቀን ተገናኝተን ስነግራት ጓደኛዬ ሳቀች።

«መጽሐፉማ እኔም ጋ አለ» አለችኝ። «እኔ ያጣሁት የማይገባኝን ነገር የሚነግረኝ ሰው ነው።»

የጻፍኩትን ተውኩት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዳግም የሚፈተኑ ልጆችን እየፈለግሁ፣ በግ ተራም እህል ተራም እየገባሁ ጠየቅኳቸው። ምን ዓይነት ስልክ አላችሁ? ኔትወርክ የምታገኙት የት ነው? ስልካችሁን የት ቻርጅ ታደርጋላችሁ? አንዱ ኔትወርክ የሚያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ንፋሱ ጆሮ ስለሚነሣው ድምፅ መስማት አይችልም። ሌላዋ ስልኩ የወንድሟ ነው፤ እሱ እርሻ ሲውል ብቻ ይደርሳታል። ቪዲዮ የሚከፍት ስልክ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ያላቸውም ቢሆኑ ካርዳቸው አይችለውም።

ከዚያ በኋላ የኮርሱ መልክ ራሱን እያወጣ መጣ። ቪዲዮ አይኖርም። እያንዳንዱ ትምህርት አጭር ድምፅና አንድ ሥዕል ይሆናል፤ በገበያ ቀን ሁሉም ከተማ ሲወጣ ስልኩ ላይ አውርዶት ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ እንዲሰማው። አጀማመሬንም ገለበጥኩት። ልጁ ፈተናው ላይ ምን መሥራት አለበት? ያን ለመሥራት ምን ማወቅ አለበት? ለዚያስ ከምን ይነሣ? እንዲህ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስመጣ ግማሹ ምዕራፍ አያስፈልግም ነበር። የእያንዳንዱ ትምህርት የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «ይህን ስትጨርሱ ይህን መሥራት ትችላላችሁ» የሚል ሆነ። ቀላል ይመስላል፤ ዐረፍተ ነገሩን መሙላት ያቃተኝ ትምህርት ሁሉ ግን እኔ ራሴ በደንብ ያልገባኝ ሆኖ ተገኘ።

ሁለት ነገር ከአባቴ ወሰድኩ። አባቴ በልጅነታቸው ዳዊት እስኪደግሙ ድረስ ከየኔታ ዘንድ ተምረዋል። ተማሪው ድምፁን ሰምቶ ተምሬያለሁ ብሎ ቢያልፍስ ብዬ ስጨነቅ ሰምተው፣ የኔታ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልነበረ ነገሩኝ። ልጁ የተማረውን ከእሱ ቀድሞ ላለፈው ልጅ ያሰማል፤ ከተሳሳተ ይመለሳል። የሚሰማውም ልጅ እያረመ የራሱን ያጠብቃል። እኔም እንዲሁ አደረግኩት። እያንዳንዱ ተማሪ የተረዳውን በራሱ ቃል በድምፅ ቀድቶ ለጓዱ ይልካል፤ ጓዱ ካላሳለፈው በቀር ወደሚቀጥለው አይሄድም።

ሁለተኛው የጓሳ ሕግ ነው። መንደራችን ከጓሳ አፋፍ ላይ ናት። ጓሳ የቤት መክደኛ ሣር የሚበቅልበት ሰፊ ደጋ ነው፤ የአንድ ሰው ርስት አይደለም፤ የሁሉም ነው። ሣሩ እስኪደርስ ዓመታት ይዘጋል፤ ጠባቂዎች አለንጋ ይዘው ይዞሩታል፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም። የመከፈቻው ቀን ሲቆረጥ ለየደብሩ ይነገራል። ያን ቀን ባለ ፈረሱም፣ በእግሩ የሚሄደውም፣ ባሏ የሞተባትም እኩል ይገባሉ። ድሮ ሳይከፈት በታጨደ ሣር የተከደነ ቤት ከተገኘ ይቃጠል ነበር ይላሉ አባቴ። «ስለ ሣሩ አይደለም» ይላሉ፤ «የጠበቀው ሰው ሞኝ እንዳይባል ነው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ የኮርሱን ሕግ ከሁሉ በላይ አድርጌ ጻፍኩት። እያንዳንዱ ትምህርት በገበያ ቀን ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይከፈታል። የመጨረሻው ፈተናም እንዲሁ። ከመከፈቱ በፊት ማንም አይገባም።

እንደ እኛ አገር ሰው አስቤ ያደረግኩት ይህን ነው፤ የተሳሳትኩትም እዚሁ ላይ ነው። የጓሳን ሕግ ወሰድኩ፤ የጓሳን ጠባቂዎች ግን አልወሰድኩም።

ዕቅዱን ለመምህሩ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውጥተው ቀስ ብለው አነበቡት። አንድ ቦታ ላይ «ኮርሱ ከመከፈቱ በፊት በጥቂት ተማሪዎች ይሞከር» የሚል ጽፌ ነበር። በልቤ ያሰብኩት የማይወዳደሩ ልጆችን፣ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ያሉትን ነው፤ ይህን ግን አልጻፍኩትም። መምህሩ ጣታቸውን እዚያ መስመር ላይ አሳርፈው፣ የሙከራውን ነገር ለእሳቸው እንድተወው ነገሩኝ። ከዚያ ትምህርቶቹን ሁሉ፣ የመጨረሻውን ፈተና ከነመልሱ ጭምር፣ እንዲያዩልኝ ላክኩላቸው። ማድረግ የሚገባኝ መስሎኝ ነበር። ያስተማረኝን ሰው ደግሞ ምን ልደብቀው?

ኮርሱ ሊጀመር ሲል ጓደኛዬን እህል ተራ አገኘኋት። ገብስ ጭና መጥታ አህያዋን እያራገፈች ነበር። ማዳበሪያውን አብሬያት ይዤ ሳወርድ ጠጋ ብላ በጆሮዬ ተናገረች።

«አንቺ፣ ከመጨረሻው ፈተና አንዷን ብቻ ንገሪኝ። ከባዷን።»

«አልነግርሽም።»

«ከባድ መሆኗን ብቻ።»

«ጓሳ ሳይከፈት ይታጨዳል?»

«ወይ ጉድ፤ ዘበኛ ሆነሻል» አለችኝና ሳቀች። «አለንጋ ብቻ ነው የጎደለሽ።»

ሳቋ እውነተኛ ነበር፤ ትንሽ እንደከፋት ግን አይቻለሁ። ወዲያው የአህያዋን ጭነት ገመድ እየጠቀለለች «ይሁን፤ ከሁሉም ጋር እገባለሁ» አለችኝ። እኔም ኮራሁ። በእሷም፣ በራሴም፣ በሕጌም ኮራሁ። ያችን ኩራት አሁን ሳስታውሳት ፊቴን ይሞቀኛል።

ኮርሱ ተጀመረ። በየገበያው ቀን ከመሐል ሜዳ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ትምህርቱን እከፍታለሁ፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ የማላውቃቸው ልጆች ስልካቸው ላይ ሲያጎነብሱ አያለሁ። ከገጠሩ የሚመጣው ድምፅ ንፋስ፣ የበግ ጩኸት፣ አንዳንዴም «ስልኩን አምጪ» የሚል የወንድም ቁጣ ነበረበት። ጓደኛዬ ለጓዷ ስታርም እሰማለሁ። ቁጣዋ የኔታን ያስንቃል።

በኮርሱ መሐል አንድ ነገር ሆነ። ስለ ዘር ውርስ በሚናገረው ትምህርት ላይ የበግ ጠጉር ምሳሌ አድርጌ ነበር። በበግ ጥቁሩ ቀለም ያይላል፣ ነጩ ይደበቃል ብዬ፣ እንዲይዙትም ብዬ «ጥቁሩ የቤቱ ጌታ ነው፤ ነጩ እንግዳ ነው፤ ጌታው ካለ እንግዳው አይታይም» የምትል ዐረፍተ ነገር ፈጥሬ ነበር። በመጨረሻው ፈተና ላይም ከሁለት ነጭ በጎች ጥቁር ግልገል ሊወለድ ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ መልሱን አይችልም አልኩ። ትምህርቱ ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ከቤታችን ጋጥ አንዲት ነጭ በግ ጥቁር ግልገል ታጠባለች። መንጋችን ውስጥ ያለው አውራ በግ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ነጭ ነው። ቆሜ ግልገሉን አየሁት። ከዚያ ፈልጌ አነበብኩ፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በበግ የሚያይለው ነጩ ነው፤ ጥቁሩ ተደብቆ ይቆይና ይወጣል። ድምፄን እንደ አዲስ ቀዳሁት፣ ጌታውንና እንግዳውን አወጣሁ፣ የፈተናውንም መልስ አስተካከልኩ። ትንሽ ነገር ስለሆነች ለመምህሩ አልነገርኳቸውም። እውነቱን ለመናገር መሳሳቴን እንዲያውቁብኝም አልፈለግኩም።

የመጨረሻው ፈተና ለሁሉም በአንድ ሰዓት ተከፈተ። መልሱ በድምፅ ነው፤ «ለምን?» የሚለውን በራስ ቃል ማስረዳት አለበት። እቤት ገብቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ አንድ በአንድ ማዳመጥ ጀመርኩ።

የጓደኛዬን መልስ አስቀድሜ አልሰማሁም፤ ለራሴ ተራዋን እንዳልለውጥ ምዬ ነበር። ተራዋ ደርሶ ስሰማት ስለ በጎቹ እንዲህ ትላለች፤ «ይችላል እንጂ። እኛ ቤት ባለፈው ክረምት ተወልዷል። እናቱም አባቱም ነጭ ናቸው፤ ጥቁሩን ግን ሁለቱም ይዘውት ነበር። ተደብቆ ነው የኖረው።» ቀጥላ ደግሞ «ያንቺ ከባዷ ይቺ ናት እንዴ?» ብላ ሳቀች። ለብቻዬ ሳቅኩ።

ቀጥሎ የማላውቃት ልጅ መጣች። መልሶቿ አንድም እንከን የለባቸውም፤ ከበጎቹ ጥያቄ ስትደርስ ግን አይችልም አለች። «ጥቁሩ የቤቱ ጌታ ነው፤ ነጩ እንግዳ ነው፤ ጌታው ካለ እንግዳው አይታይም።»

ድምፁን አቁሜ እንደገና ከፈትኩት። ያቺ ዐረፍተ ነገር የእኔ ናት። ማንም ሳይሰማት ያወጣኋት ናት። ከአፌ ወጥታ የሄደችው ወደ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቀጣዩን ከፈትኩ። ከዚያም ቀጣዩን። ሌሎች ሦስት ልጆች፣ ሁሉም የመሐል ሜዳ ልጆች፣ ጌታውንና እንግዳውን በተራ በተራ አመጧቸው። ከዚህች ጥያቄ በቀር ያልመለሱት የለም። አራቱም ከላይ ሆኑ። ጓደኛዬ ከእነሱ ቀጥላ አምስተኛ ወጣች።

ለመጀመሪያዋ ልጅ ጻፍኩላት። ስለ ጌታውና እንግዳው የት ሰማሽ አልኳት። ክፋት የሌላት ልጅ ናት፤ ወዲያው መለሰችልኝ። መምህሩ ቤታቸው ማጠናከሪያ ሲሰጧቸው ኮርሱን ሁሉ አስቀድመው እንደጨረሱት፣ ፈተናውንም አብረው እንደሠሩት፣ መምህሩ በጣም ጎበዝ እንደሆኑ ነገረችኝ። በየሳምንቱ የከፈትኩትን ትምህርት አልሰሙትም፤ አራቱ ጓድ የሆኑት እርስ በርስ ስለነበር ያረማቸውም የለም። ምን ያደርግላቸዋል?

በማግስቱ መምህሩ ቤት ሄድኩ። እንደ ወትሮው በደስታ ተቀበሉኝ። ወንበር ሳቡልኝ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲው ጥሪ ጠየቁኝ። እኔ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር ረሳሁት። የእጄን ጣቶች እያየሁ፣ ልጆቹ ፈተናውን ከመከፈቱ በፊት እንዳዩት ሰማሁ ብቻ አልኩ።

መምህሩ አልደነገጡም። የሚያሳፍር ነገር ሲደርስባቸው ፊታቸው ይለወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ሙከራ ነበር እኮ» አሉኝ። «ራስሽ አይደለሽ በጥቂት ተማሪዎች ይሞከር ብለሽ የጻፍሽው? እኔ ያሉኝ ተማሪዎች እነሱ ናቸው።»

«ሙከራው ለማይወዳደሩት ነበር።»

«እንደዚያ ተብሎ ተጽፏል?»

አልተጻፈም። መምህሩ ድምፃቸውን አለስልሰው ማስረዳት ቀጠሉ። የከተማው ልጅም ችግር አለበት፤ ወላጆቻቸው በእሳቸው ላይ ጥለዋቸዋል፤ ልጆቹ ካላለፉ ነገ ማን ልጁን ይሰጣቸዋል? መልሱ በእሳቸውም ስልክ ስለገባ ራሳቸው አርመው ውጤቱን አዲስ አበባ ላሉት ሰዎች ልከዋል፤ አሁን ተበላሽቷል ቢባል ሰዎቹ እርዳታውን ይተዉታል፤ ያኔ አራቱም ቦታ ይቀራል። የምስክር ወረቀት ሲሠራ የእኔም ስም እንዲገባ አድርገዋል። አሁን ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው፤ ትምህርቴ ላይ ላተኩር።

ሲሸኙኝ ራሴን ዳሰሱኝ። እኔም አመሰገንኳቸው። ደጁን አልፌ ከሄድኩ በኋላ ነው ምን ብዬ እንዳመሰገንኩ ራሴን የጠየቅኩት።

ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ የማጭድ እጀታ ያጠብቁ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰምተው «ያመኑት ፈረስ…» አሉና ተዉት። ቀሪውን መጨረስ አላስፈለጋቸውም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ሌሎቹ ልጆች ያውቃሉ?»

አያውቁም ነበር። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ብዙ ጊዜ አጥፍቼ እየደገምኩ ነው የጻፍኩት፤ ማንንም እንዳልሰድብ ተጠንቅቄ ነበር። ፈተናው ለጥቂቶች አስቀድሞ ስለታየ ውጤቱ ትክክል አይደለም፣ አዳዲስ ጥያቄ አውጥቼ ሁላችንም በአንድ ሰዓት እንደገና እንፈተን አልኩ። ጓደኛዬ ከገጠር አልደረሰችም ነበር። ሌሎቹ ግን ደርሰው ነበር፤ አንዱ «እውነት ነው?» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው መጻፍ ጀመረ። ሲጽፍ እያየሁ መልእክቴ ጠፋ። ቀጥሎ ግሩፑ ራሱ ከስልኬ ላይ ጠፋ።

ኮርሱን ስንከፍት ግሩፑን በመምህሩ ስልክ እንዲከፈት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ለአክብሮት ነበር። ትምህርቶቹ፣ ድምፄ፣ ልጆቹ እርስ በርስ የተራረሙት ሁሉ እዚያ ቀረ፤ እኔ ከውጭ ሆንኩ። ስልኬን ደጋግሜ አጥፍቼ አበራሁት፤ የኔትወርክ ይሆናል ብዬ። የኔትወርክ አልነበረም።

ወደ አዲስ አበባም መልእክት ለመላክ ሞከርኩ፤ የሰዎቹን አድራሻ የሚያውቁት ግን መምህሩ ብቻ ናቸው። አንድ የከተማው ሰው ነገሩን ሰምቶ፣ ልጅ ከመምህሯ ጋር አትሟገትም አለኝ።

የዩኒቨርሲቲው ጥሪ በዚያው ሳምንት ወጣ። ከመሄዴ በፊት ቀየት ድረስ ሄድኩ። የቀየት ገበያ ነበር። ጓደኛዬ ከእናቷ ጋር መምጣቷን ሰምቼ ፈልጌ አገኘኋት። አባቷ ውሳኔያቸውን ተናግረዋል፤ ለታናሽ እህቷ የሚከራየውን ቤት አግኝተዋል፤ እሷ ዘንድሮ አጨዳው ላይ ናት። እጇ በገብስ ነዶ ተፋፍቆ ነበር።

ከገበያው ዳር ድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳት። ከጌታውና ከእንግዳው ጀምሬ እስከ ሙከራው ድረስ። ስናገር አላቋረጠችኝም። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አንዳንዴ ስትቆጣ ነው የምትቀለው። አልተቆጣችም።

«እኔ ጠብቄ ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«አንዷን ንገሪኝ ስልሽ እምቢ ብለሽኝ ጠብቄ ነበር። ለአባቴም ነግሬዋለሁ። ጓደኛዬ አላሳየችኝም፣ እኩል ነው የምንገባው ብዬ። ደስ ብሎት ነበር።»

ሕጉ የሁላችንም ስለሆነ ነው፣ አንቺን ስለምወድሽ ነው፣ እንደዚህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ ሁሉም አፌ ላይ መጥቶ ሁሉም የማይረባ ሆነ። «እኔም እጠብቀው ነበር» አልኩ በመጨረሻ።

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺማ የጠበቅሽው ከእኔ ነው» አለች።

እናቷ ጠራቻት። ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ እንደ ድሮው ሳመችኝ። ዩኒቨርሲቲው ብርድ እንዳለው ጠየቀችኝና ነጠላዬን አይታ ወፍራም ነገር ያዢ አለችኝ። ከዚያ አህያዋን እየነዳች ሄደች። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ትዞራለች ብዬ ቆሜ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ደብረ ብርሃን ስንገባ፣ ያ የተከራየው ቤት በየትኛው ሰፈር ይሆን እያልኩ በመስኮት አይ ነበር። ከአራቱ ልጆች አንዳቸውንም አልጠላሁም። ያቺ ስለ ጌታውና እንግዳው የጠየቅኳት ልጅ እንደውም ስትደርሺ ሰላም በይኝ ብላ ጽፋልኛለች። መምህሩንም አሁን ድረስ «እሳቸው» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ዶርም ውስጥ ስለ እሳቸው ሳወራ የሰማችኝ ልጅ፣ አባትሽ ናቸው እንዴ አለችኝ።

እዚህ ከገባሁ በኋላ ትምህርቶቹን እንደ አዲስ መቅዳት ጀመርኩ። ቀድሞ የነበሩት ከግሩፑ ጋር ቀርተዋል፤ ጥቂቶቹ ብቻ ስልኬ ላይ ተገኙ። ቀሪዎቹን ከልቤ እያወጣሁ፣ ልብስ ማድረቂያው አጠገብ ሰው በማይበዛበት ሰዓት እቀዳለሁ። እያሳጠርኳቸው ነው፤ ጉብታው ላይ ሆኖ በንፋስ መሐል ለሚሰማ ሰው እንዲመቹ ድምፄንም ከፍ አድርጌያለሁ። በየሳምንቱ አንዱን ለጓደኛዬ መላክ ጀምሬያለሁ፤ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው፣ ከባዷንም ጭምር፣ ምንም ሳልይዝ። በግል መፈተን የፈለገች እንደሆነ ምዝገባው መቼ እንደሚሆን አጣርቼ ጽፌላታለሁ።

የላክሁት መልእክት ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ምልክት ብቻ ይቆማል፤ ከእኔ ወጥቷል፣ እሷ ግን አላየችውም ማለት ነው። ስልኬን አሁንም አሁንም አወጣለሁ። የገበያው ቀን ሲደርስ፣ ረፋዱ ላይ፣ ሁለተኛው ምልክት ይመጣል። አይታዋለች። ትምህርቱ ለጓድህ አሰማ የሚል ስለሆነ የድምፅ መልስ እጠብቃለሁ፤ የአህያ ጫጫታውን፣ የእህል ተራውን፣ ያንን ሳቋን። እስካሁን ምንም አልላከችም። የመጀመሪያውን ትምህርት ሳታሰማኝ ሁለተኛውን መላክ በራሴ ሕግ አይገባም ነበር።

ሁለተኛውን ላክሁላት። ሦስተኛውንም ቀድቼ አስቀምጫለሁ።